የስታንፎርድ የሥርዓተ ጾታ ምርምር ተቋምና መዛግብቱ

አንድ የምርምር ተቋም በሥራ ዘመኑ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ያፈራል። የመጀመሪያው ለአንባቢ ታስቦ የሚታተመው መጽሐፍና የጥናት ጽሑፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥራው ሲሠራ በየጠረጴዛው ላይ እየተጠራቀመ የሚሄደው ወረቀት፣ ማለትም ገቢና ወጪ ደብዳቤው፣ ቃለ ጉባኤው፣ የበጀት ሰንጠረዡ፣ የተፈቀደውም የተከለከለውም የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ፣ የስብሰባ ጥሪውና የንግግሩ ቅጂ ነው። የታተመው ጽሑፍ ተቋሙ ለዓለም ሊናገር የፈለገውን ሲያሳይ፣ ያልታተመው ደግሞ ያን ለመናገር የሚያስፈልገውን ገንዘብ፣ ክፍልና ሰው ከየት እንዳገኘና ለማግኘትም ማንን እንደለመነ ይገልጣል። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት በሚገኘው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1974 የሴቶች ጥናት ማዕከል ተብሎ የተመሠረተውና ዛሬ የሚሼል ክሌይማን የሥርዓተ ጾታ ምርምር ተቋም በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት ታሪክ የዚህን ሁለተኛ ዓይነት ጽሑፍ ዋጋ በግልጽ ከሚያሳዩት አንዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ሥርዓተ ጾታ የሚለውም ቃል ከአካላዊው ጾታ ተለይቶ ኅብረተሰብ ለወንድና ለሴት የሚደለድለውን ሚና፣ ጠባይ፣ መብትና የሥልጣን ድርሻ የሚመለከት ነው።

ተቋሙ የተተከለበት ዩኒቨርሲቲ ከሴቶች ትምህርት ጋር የነበረው ግንኙነት ከመነሻው ቀጥተኛ አልነበረም። በባቡር ሐዲድ ሥራ የበለጸጉት ፖለቲከኛ ሊላንድ ስታንፎርድና ባለቤታቸው ጄን ስታንፎርድ በ1884 ገና በ15 ዓመቱ በታይፎይድ የሞተባቸውን አንድያ ልጃቸውን ለመዘከር ያቋቋሙት ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1891 ሥራ ሲጀምር ወንዶችንም ሴቶችንም ተቀብሎ ነበር፤ ይህም በዘመኑ በምሥራቁ ጠረፍ የነበሩ አብዛኞቹ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ያልደፈሩት እርምጃ ነበር። ሆኖም የሴት ተማሪዎች ድርሻ በ1899 ወደ 40 በመቶ ሲጠጋ፣ በዚያን ጊዜ ባላቸው በሞት የተለዩዋቸው ጄን ስታንፎርድ የልጃቸው መታሰቢያ ወደ ሴቶች ኮሌጅነት እንዳይለወጥ ሰግተው፣ በማናቸውም ጊዜ የሚማሩ ሴቶች ቁጥር ከ500 እንዳይበልጥ የሚያዝ ማሻሻያ በመሥራች ሰነዱ ላይ አስገቡ። የበላይ ጠባቂ ቦርዱ በ1933፣ የኢኮኖሚ ቀውሱ የተማሪዎችን ክፍያ ባሳነሰበት ወቅት፣ ቁጥሩን ወደ ተመጣጣኝ ድርሻ ተርጉሞ ገደቡን ቢያላላውም ቃሉ ራሱ ከሰነዱ የተፋቀው በ1973 በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። በወረቀት የተጻፈ ገደብ በወረቀት ካልተሻረ በቀር ሰዎች ቢዘነጉትም እንኳ እንደቆመ ይኖራልና፣ ማዕከሉ የተመሠረተው ይህ ውሳኔ በተሰጠ ማግስት መሆኑ ሁለቱንም የወለደው የዘመን ግፊት አንድ እንደነበር ያመለክታል።

የሴቶችን ወረቀት ለይቶ የመሰብሰብ ሐሳብ ግን ከዚህ ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው። በ1935 የታሪክ ጸሐፊዋ ሜሪ ቢርድ፣ ሐንጋሪያዊቷ የሰላም ተሟጋች ሮዚካ ሽዊመር ባቀረቡት ሐሳብ መነሻነት፣ የዓለም የሴቶች መዛግብት ማዕከል የተባለውን ድርጅት ለማቋቋም ተነሥተው የነበረ ቢሆንም በገንዘብ እጦትና በውስጥ አለመግባባት የተነሣ ድርጅቱ በ1940 ተዘግቷል። ቢርድ ግን ሐሳባቸውን ወደ ኮሌጆች ይዘው በመሄዳቸው ስሚዝ ኮሌጅ በ1942 የራሱን ስብስብ ሲጀምር፣ በ1943 ደግሞ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉት ሞድ ውድ ፓርክ ያጠራቀሙትን ሰነድ ለተማሩበት ለራድክሊፍ ኮሌጅ በማበርከታቸው ዛሬ ሽሌሲንገር ቤተ መጻሕፍት ለሚባለው ታላቅ ስብስብ መሠረት ተጣለ። እነዚህ ስብስቦች በዋናነት የታዋቂ ሴቶችን፣ የቤተሰቦችንና የማኅበራትን ወረቀት የያዙ ነበሩ፤ ሴቶችን የሚያጠና የምርምር ተቋም ራሱ ታሪክ ሊኖረው እንደሚችል በዚያን ጊዜ ያሰበ አልነበረም፣ እንዲህ ያለ ተቋም ገና አልተፈጠረምና።

በ1970ዎቹ አጋማሽ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ በአንድሪያ ሂንዲንግ መሪነት የተካሄደው አገር አቀፍ ቆጠራ ለዚህ ጉዳይ ልዩ ትርጉም አለው። ቆጠራው ለየመዛግብቱ ቤት መጠይቅ በመላክና ባለሙያዎችን በማሰማራት ተካሂዶ በ1979 ውጤቱ በመጽሐፍ መልክ ሲወጣ፣ በ1,586 የመዛግብት ማኖሪያዎች ውስጥ ሴቶችን የሚመለከቱ 18,026 ስብስቦች መኖራቸውን አሳየ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት በባል፣ በአባት ወይም በቤተሰብ ስም ተመዝግበው፣ ሴቲቱ የጻፈችው ደብዳቤና የያዘችው የዕለት ማስታወሻ በዝርዝሩ ላይ ሳይጠቀስ የቆዩ ነበሩ። የሴቶች ታሪክ የማይጻፈው ሰነድ ስለሌለው ነው የሚለው የቆየ ሰበብ ከዚህ በኋላ ሊቆም አልቻለም፤ የጎደለው ሰነዱ ሳይሆን ሰነዱን የሚገልጸው ዝርዝር ነበር።

የስታንፎርዱ ማዕከል የተወለደው በዚሁ ወቅት፣ ሕጉም ገንዘቡም በተገጣጠሙበት ጊዜ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ጋር ውል ያላቸው ድርጅቶች በቅጥር አድልዎ እንዳያደርጉ የሚያዘው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ በ1967 ጾታንም እንዲያካትት በመሻሻሉ፣ የምርምር ገንዘባቸውን በብዛት ከመንግሥት የሚያገኙት ዩኒቨርሲቲዎች ከ1970 ጀምሮ በተከታታይ የአድልዎ አቤቱታ ይቀርብባቸው ጀመር፤ በ1972 የጸደቀው ርእስ ዘጠኝ የተባለው የትምህርት ሕግ ደግሞ የመንግሥት ድጎማ በሚያገኝ ማናቸውም የትምህርት ፕሮግራም ጾታን መሠረት ያደረገ አድልዎን ከለከለ። የመጀመሪያው ዲሬክተር የሆኑት የሥራ ኢኮኖሚክስ ምሁር ማይራ ስትሮበር በዚሁ በ1972 በስታንፎርድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ከተቀጠሩት የመጀመሪያዎቹ ሴት መምህራን አንዷ ነበሩ። ቀደም ሲል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ በጊዜያዊ መምህርነት ሲያስተምሩ ለምን በቋሚ የማዕረግ መሰላል እንዳልተቀጠሩ ሲጠይቁ መኖሪያቸው ከዚያ ራቅ ባለችው በፓሎ አልቶ ከተማ በመሆኑ ነው የሚል መልስ እንደተሰጣቸው፣ ወደ ቤታቸው ሲመለሱም የሴቶችን ጥያቄ የራሳቸው ጥያቄ አድርገው እንደወሰዱት በኋላ ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። መልሱ ለማን እንደተሰጠ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ሥራቸው የሥራ ገበያን መመርመር ለሆነ ምሁር የተሰጠ መልስ ነው።

ለመነሻ የሚሆነው ገንዘብ የተገኘው ከፎርድ ፋውንዴሽን ነው። በፋውንዴሽኑ ውስጥ የከፍተኛ ትምህርትን ጉዳይ ይከታተሉ የነበሩት የኢኮኖሚ ምሁር ማርያም ቻምበርሌይን በ1970ዎቹ በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች ጥናት ማዕከላት እንዲቋቋሙ ድጋፍ በማስገኘታቸው የዘርፉ አዋላጅ ተደርገው ይቆጠራሉ። ነገር ግን የፋውንዴሽን ገንዘብ ጊዜያዊ ነው፤ ለተወሰነ ዓመትና ለተወሰነ ሥራ ተሰጥቶ ያበቃል፣ ሪፖርትም ይጠየቅበታል። ክፍለ ትምህርት፣ ማለትም ቋሚ መምህራን፣ ቋሚ በጀትና ተማሪ ያለው የዩኒቨርሲቲ አካል፣ ነገ ስለ መኖሩ ማመልከቻ አይጽፍም፤ ማዕከል ግን በየጥቂት ዓመቱ መኖር የሚገባው ስለ መሆኑ ማስረዳት ነበረበት። የእነዚህን ማዕከላት መዛግብት ከሌሎች የዩኒቨርሲቲ ሰነዶች የሚለያቸውም ይህ ነው፤ ማመልከቻው ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት ጥናቱ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ማን እንደሚሠራው፣ ነባሮቹ የትምህርት ዘርፎች ምን እንዳጎደሉ መዘርዘር ስለሚኖርበት፣ የአንድ ዕውቀት ዘርፍ የራሱን ህልውና ሲከራከር የሚገኝበት ጽሑፍ ነው። ውድቅ የተደረገው ማመልከቻ ደግሞ ከተፈቀደው ይበልጥ ያስተምራል፣ በዘመኑ ሊጠየቅ የሚችለውና ሊሰጥ የማይችለው ነገር ድንበሩ የት ላይ እንደነበረ ያሳያልና።

ይህ የንባብ ስልት ከማዕከሉ ምሁራን ሥራ ጋር የሚዛመድ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባዋል። ስትሮበር ከትምህርት ታሪክ ጸሐፊው ዴቪድ ታያክ ጋር በ1980 ባሳተሙት ጥናት ሴቶች የሚያስተምሩበት፣ ወንዶች ደግሞ የሚያስተዳድሩበት ሥርዓት በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ውስጥ እንዴት እንደተፈጠረ መርምረዋል። የአንድ ሙያ የጾታ አሰላለፍ በተፈጥሮ ዝንባሌ የሚገለጽ ሳይሆን በደመወዝ፣ በቅጥር ደንብና በአስተዳደር አወቃቀር የተሠራ መሆኑን የሚያስረዳ እንዲህ ያለ ጥናት ያወጣ ተቋም፣ የራሱ የቅጥር ፋይልና የደመወዝ መዝገብ በተራው በዚያው ዓይን ሊነበብ ይችላል። ማን በዲሬክተርነት፣ ማን በረዳትነት፣ ማን በጸሐፊነት፣ ማን ያለ ክፍያ እንደሠራ የሚነግረው ይኸው ደረቅ ሰነድ ነው።

ማዕከሉ በሥራው መጀመሪያ ዘመን ያስገኛቸው ጽሑፎች ከነባሮቹ ዘርፎች የተለየ ባሕርይ ነበራቸው። በዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቡና ምሁር የነበሩት ኤሊኖር ማኮቢ ከካሮል ጃክሊን ጋር፣ ማዕከሉ በተመሠረተበት በ1974፣ በወንድና በሴት መካከል አሉ ስለሚባሉት የሥነ ልቡና ልዩነቶች የተደረጉ ከአንድ ሺህ በላይ ጥናቶችን መዝነው በደንብ የተረጋገጡት በጣም ጥቂት መሆናቸውን የሚያሳይ መጽሐፍ አሳትመው ነበርና፣ በግቢው ውስጥ ጥያቄውን በማስረጃ የመመርመር ልማድ አስቀድሞ ተጥሎ ነበር። በ1981 በማዕከሉ ጥላ ሥር የወጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የአሜሪካ ሴቶች ሕይወት ላይ ያተኮረው የሰነዶች ስብስብ ደግሞ ሴቶችን ከልጅነት እስከ እርጅና በራሳቸው ወረቀት የተከተለ፣ ታሪክ ጸሐፊዎችና የሥነ ጽሑፍ ምሁራን በኅብረት ያዘጋጁት ሥራ ነው። የአምስትና የስድስት አዘጋጆች መጽሐፍ ያለ ብዙ ስብሰባና ያለ ብዙ ደብዳቤ አይሠራም፤ አንባቢ በሽፋኑ ላይ የሚያየው የስም ቅደም ተከተል እንኳ በቃለ ጉባኤ የተደረሰበት ስምምነት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የተቋሙ መዛግብት የሚጠቅሙት ከክፍለ ትምህርቶች ቋሚ ቅጥር ውጭ በተቋሙ አባልነት ሲሠሩ የኖሩትን ምሁራን ታሪክ ለመረዳት ነው። ሱዛን ግሮግ ቤል በ1926 በቼኮዝሎቫኪያ ተወልደው ናዚዎችን ሸሽተው ወደ እንግሊዝ የተሰደዱ፣ በኋላም ወደ ካሊፎርኒያ መጥተው በትዳርና በእናትነት መካከል ዘግይተው የታሪክ ትምህርት የተማሩ ምሁር ነበሩ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መጽሐፍ የነበራቸው ሴቶች በባህል ልውውጥ ስለነበራቸው ሚና በ1982 ያሳተሙት ጽሑፍ እስከ ዛሬ በዘርፉ ይጠቀሳል። ከካረን ኦፈን ጋር ሆነው ስለ ሴቶች፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ነጻነት ከ1750 እስከ 1950 የተካሄደውን ክርክር በሰነድ የሚያሳዩ ሁለት ቅጾች በ1983 አሳትመዋል፤ ኦፈንም በ2000 የአውሮፓን የሴቶች ንቅናቄ የሁለት መቶ ተኩል ዓመት ታሪክ ጽፈዋል። ኢዲት ጌልስ ደግሞ የሁለተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባለቤት ስለነበሩት ስለ አቢጌል አዳምስ በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ይታወቃሉ። እነዚህ ሴቶች ያበረከቱት ሥራ ከብዙ ባለ ሙሉ ማዕረግ መምህራን የማያንስ ቢሆንም፣ የአንድ ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ታሪክ የሚጻፈው በክፍለ ትምህርት፣ በማዕረግና በቅጥር ዘመን ተደልድሎ በመሆኑ እነሱን በዚያ መስመር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የተቋሙ አባልነት ለእነሱ የሰጣቸው የጽሕፈት ጠረጴዛ፣ የቤተ መጻሕፍት ካርድ፣ የዩኒቨርሲቲው ስም የታተመበት የደብዳቤ ወረቀትና ረቂቃቸውን የሚያነብላቸው የሥራ ባልደረባ ነበር። ይህ ለውጭ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለገንዘብ ድጋፍ የሚያመለክት ምሁር ግን በየትኛው ተቋም ሥር እንደሚሠራ የሚጠይቀውን መስመር ባዶ ከመተው የሚያድነው ይኸው ነው። የአባልነት ማመልከቻቸው፣ የዓመት የሥራ ሪፖርታቸው፣ ረቂቃቸውን ያነበቡበት የሳምንቱ ውይይት ጥሪ፣ ይህ ሁሉ የሚቀመጠው በተቋሙ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው።

ማዕከሉ ለአምስት ዓመታት፣ ከ1980 እስከ 1985፣ በእንግሊዝኛ «ምልክቶች» ማለት የሆነውን «ሳይንዝ» የተባለውን የሴቶች ጥናት መጽሔት ዝግጅት በግቢው አስተናግዷል። መጽሔቱ በ1975 በካትሪን ስቲምፕሰን አዘጋጅነት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት መታተም የጀመረ ሲሆን፣ በስታንፎርድ ዘመኑ ዋና አዘጋጇ የሥነ ጽሑፍ ምሁሯ ባርባራ ጌልፒ ነበሩ። የአዘጋጅነቱ ቦታ በየተወሰነ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲዘዋወር መደረጉ ሥልጣን በአንድ እጅ እንዳይከማች የረዳ ብልህ አሠራር ቢሆንም፣ የመጽሔቱን ወረቀት በየቦታው የመበተን አደጋ ይዞ መምጣቱ አልቀረም።

በ1980ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ማዕከሉ የሴቶችና የሥርዓተ ጾታ ምርምር ተቋም ተብሎ ተሰየመ። ለውጡ ከደብዳቤ ራስጌ መቀየር ያለፈ ነበር። በ1970ዎቹ የዘርፉ ቀዳሚ ተግባር በየትምህርቱ የተረሱትን ሴቶች ፈልጎ ማግኘት ሲሆን፣ በቀጣዩ አሥርት ግን ጥያቄው ወንድነትና ሴትነት ራሳቸው በሕግ፣ በሥራና በቋንቋ እንዴት ይሠራሉ ወደሚለው እየሰፋ ሄደ። የታሪክ ምሁሯ ጆን ስኮት ሥርዓተ ጾታን የታሪክ መመርመሪያ መሣሪያ አድርገው ያቀረቡበት ዝነኛ ጽሑፍ የወጣው በ1986 ነው፤ ከ1986 እስከ 1990 ተቋሙን የመሩት የሕግ ምሁር ዴቦራ ሮድም በጾታ ልዩነት ንድፈ ሐሳብ ላይ ያዘጋጁትን የጋራ መጽሐፍ በ1990 አሳትመዋል። አንዳንዶች ሴቶች የሚለው ስም ብቻውን አለመቆሙ የፖለቲካ ስለቱን ያደነዝዘዋል ብለው መስጋታቸው በመላው ዘርፍ የታወቀ ክርክር ነው። ስጋቱ መሠረት ነበረው፤ ነገር ግን አዲሱ ስም ጥናቱን ከሴቶች ጉዳይ ጥግ አውጥቶ በሁሉም የትምህርት ዘርፎች መካከል ስላቆመው ያተረፈው ካጎደለው ይበልጣል። ለውጡን ለሚያጠና ሰው የሚረዳው የታተመው መግለጫ ሳይሆን ረቂቁ ነው፤ የትኛው ቃል እንደተሰረዘ፣ በማን እጅ እንደተሰረዘና በምትኩ ምን እንደገባ የሚታየው በእሱ ላይ ብቻ ነውና።

የዲሬክተሮቹ የሙያ ዝርዝርም ይህንኑ መስፋፋት ይመሰክራል። የሥነ ጽሑፍ ምሁሯ ዳያን ሚድልብሩክ፣ በተቋሙ አመራር ለረጅም ጊዜ የሠሩት የፈረንሳይኛ ሥነ ጽሑፍ ምሁር ማሪሊን ያሎም፣ የወጣቶች ሕክምና ሊቅ አይሪስ ሊት፣ የእርጅና ሥነ ልቡና ተመራማሪ ሎራ ካርስተንሰን፣ የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊ ሎንዳ ሺቢንገር፣ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሼሊ ኮሬል፣ ከ2019 ጀምሮም የጀርመን ሥነ ጽሑፍ ምሁር አድሪያን ዳውብ በየተራ መርተውታል። የዩኒቨርሲቲው የንግድ ሥራ ምሩቅ የሆኑት ሚሼል ክሌይማን በሰጡት የቋሚ ሀብት ስጦታ፣ ማለትም ዋናው ሳይነካ ትርፉ ብቻ በየዓመቱ ለሥራ በሚውል ገንዘብ፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ ተቋሙ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ይዟል። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የኑሮ ዋስትናው በየጊዜው በሚጻፍ ማመልከቻ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አልነበረም፤ ለተቋሙ መልካም ሲሆን፣ ለታሪክ ጸሐፊው ግን ያ ራስን የማስረዳት ጽሑፍ እየሳሳ የሚሄድበት ጊዜ ነው።

ተቋሙ ለብዙ ዓመታት የተቀመጠበት ቤት የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዴቪድ ስታር ጆርዳን በጡረታ ዘመናቸው የኖሩበት ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ የአገሬውን ሕዝብ በሚሲዮን ሥርዓት ሥር ባስገቡት ስፔናዊ መነኩሴ በሁኒፔሮ ሴራ ስም ይጠራ ነበር። በ2019 ስሙ ተለውጦ በካሮሊን አትኒቭ ተሰየመ፤ እሳቸውም ከዴላዌር ነገድ የሚወለዱ፣ በ1952 በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙና በአገሬው ሕዝብ የአእምሮ ጤና ላይ የሠሩ የሥነ ልቡና ምሁር ነበሩ። በዚያው የስም ለውጥ የግቢው ዋና ጎዳና የጄን ስታንፎርድ መንገድ ተባለ። ሴቶችን በ500 የገደቡት መሥራች በጎዳና ስም ሲከበሩ የገደቡን ታሪክ የሚያስታውሰው የመንገድ ምልክቱ ሳይሆን መዝገቡ መሆኑ አይቀርም።

የዩኒቨርሲቲ አካላት ሥራ ላይ የማይፈልጉትን ፋይል ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መዛግብት ሲያስተላልፉ የመዛግብት ባለሙያዎች የሚከተሉት ደንብ ጥንታዊ ነው። በ1841 በፈረንሳይ በወጣ ሰርኩላር የተደነገገውና በ1898 ሦስት የሆላንድ ባለሙያዎች ባሳተሙት መመሪያ የተብራራው ይህ ደንብ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ ወረቀት ከሌላ መሥሪያ ቤት ወረቀት ጋር እንዳይቀላቀል፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሰጠው ቅደም ተከተልም እንዲጠበቅ ያዛል። ለአንድ የሥርዓተ ጾታ ተቋም ደንቡ የተለየ ጥቅም አለው፤ ደብዳቤዎቹ በርእሰ ጉዳይ ቢበተኑ ኖሮ ስለ ሕፃናት ማቆያ የተጻፈው ከሠራተኛ ጉዳይ፣ ስለ መጽሐፉ የተጻፈው ከማተሚያ ቤት ጋር ገብቶ፣ አንዲት ዲሬክተር በአንድ ቀን ሁለቱንም እንደጻፈች የሚያሳየው ትስስር በጠፋ ነበር። ወረቀቱ አሲድ በሌለው አቃፊና ሳጥን ከተቀመጠ በኋላ የየሳጥኑን ይዘት የሚገልጽ መሪ ዝርዝር ይዘጋጃል፤ በካሊፎርኒያ የሚገኙ ብዙ የመዛግብት ማኖሪያዎች ዝርዝሮቻቸውን በአንድ የጋራ የመረጃ መረብ ላይ ስለሚያወጡ ተመራማሪ ከሩቅ ሆኖ የሚፈልገውን ሳጥን ቁጥር ለይቶ ማወቅ ይችላል።

ሁሉም ሳጥን ግን ለሁሉም አይከፈትም። ማዕከሉ በተመሠረተበት በዚያው በ1974 የወጣው የተማሪዎችን የትምህርት መረጃ ምስጢር የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ፣ እንዲሁም የሠራተኛ ፋይልንና የአቻ ግምገማን የሚመለከቱ ደንቦች፣ በእንዲህ ያሉ ስብስቦች ውስጥ የተወሰኑ አቃፊዎች ለረጅም ዓመታት ተዘግተው እንዲቆዩ ያደርጋሉ። ተቋሙ በ2008 ባሳተመው፣ በ13 ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ወደ 9,000 የሚጠጉ መምህራንን የትዳርና የሥራ ሁኔታ በመረመረው ጥናት፣ ከመምህራኑ ከአንድ ሦስተኛ የሚበልጡት የትዳር ጓደኛቸው እንደ እነሱ የዩኒቨርሲቲ ምሁር መሆኑን አሳይቷል፤ ድምሩ ለሕዝብ የቀረበ ቢሆንም እያንዳንዱ መላሽ የሰጠው ቃል በምስጢር እንዲጠበቅ ቃል የተገባበት ነው። የጥናት ተቋም መዝገብ የሚያስነሣው የሥነ ምግባር ጥያቄ ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል ከተቋሙ የቀድሞ ዲሬክተሮች አንዷ ሚድልብሩክ በራሳቸው ሥራ ቀምሰውታል። በ1974 ራሷን ያጠፋችውን ገጣሚት አን ሴክስተንን ሕይወት በ1991 ሲያሳትሙ፣ ሐኪሟ የሰጧቸውንና ከ300 ሰዓት በላይ የሚሆነውን የሕክምና ውይይት የቴፕ ቅጂ ተጠቅመው ነበር። የገጣሚቷ ልጅ ብትፈቅድም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የታካሚ ምስጢር ከሞትም በኋላ መጠበቅ አለበት በማለት አጥብቀው ተቃውመዋል። ፈቃዱ ከሕጋዊ ወራሽ የመጣ በመሆኑ ሚድልብሩክን መክሰስ ያስቸግራል፤ የሐኪሙ ድርጊት ግን በዚያ መልኩ የሚታለፍ አይደለም።

ከተዘጋው ሌላ ጨርሶ ያልተጻፈው አለ። በ1970ዎቹ የሴቶች ንቅናቄ ብዙው ውሳኔ የተወሰነው በስልክና በማእድ ዙሪያ በመሆኑ በወረቀት ላይ የቀረው ውጤቱ እንጂ ክርክሩ አይደለም። ረቂቁን በታይፕ የመቱት፣ ለጉባኤው እንግዳ ክፍል የያዙት፣ የአድራሻ ዝርዝሩን ያደሱት ሠራተኞች ስም በደብዳቤው ግርጌ ከሁለት ንዑሳን ፊደላት አልፎ አይታይም፤ የሴቶችን ያልተከፈለና ያልታየ ሥራ የሚያጠና ተቋም ከዚህ ነጻ አለመሆኑን መዝገቡ ሳያውቅ ይመሰክርበታል። የጎደለውን በከፊል የሚሞላው ከመሥራቾቹና ከሠራተኞቹ የሚቀዳ የቃል ታሪክ ነው፤ እሱም ቢሆን ከተፈጸመው ከብዙ ዓመት በኋላ የሚነገር በመሆኑ ከቃለ ጉባኤው ጋር ጎን ለጎን ካልተነበበ ሊያሳስት ይችላል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የመጣው ለውጥ ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው። ግልባጩ ተቀድቶ በፋይል ይቀመጥ የነበረው ደብዳቤ ወደ ኢሜይል ሲለወጥ፣ ለመሥሪያ ቤት ይቀር የነበረው ወረቀት በግለሰብ የኢሜይል ሳጥን ውስጥ ቀረ፤ ባለቤቱ ሥራ ሲለቅም አብሮ ይዘጋል። ሺቢንገር በ2009 የጀመሩት፣ በሳይንስ፣ በሕክምናና በምሕንድስና ምርምር ውስጥ የጾታና የሥርዓተ ጾታ ትንተና እንዲገባ የሚጥረው ፕሮጀክት በዋናነት በድረ ገጽ የሚቀርብና በየጊዜው የሚሻሻል ነው፤ የትናንቱ ገጽ በዛሬው ሲተካ ሆን ተብሎ ካልተቀዳ በቀር የቀደመው አይገኝም። በዚህም ምክንያት የማዕከሉን የመጀመሪያ አሥርት የሚጽፍ የታሪክ ምሁር ከሳጥኖቹ መካከል አስቀድሞ የገንዘብ ማመልከቻዎቹን ቢከፍት ሙሉ ታሪክ ሊያገኝ ሲችል፣ የ2010ዎቹን ዓመታት የሚጽፈው ግን ከብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጽሑፍ በተጻፈበት ዘመን ከሱ ያነሰ ማስረጃ ይዞ ይቀመጣል።